የአውራ ጣቴ ጣጣ

ቅዳሜ ነሐሴ 3፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ዛሬም አልተያያዝንም። አራት ሰው፣ ስምንት እጅ፣ ይሄን የሚያህል ሰማይ። አንዲት ክብ መሥራት አቃተን። ደክሞኛል ደብተሬ። ከዝላዩ አይደለም፣ ከወሬው።

አየር ላይ የቆየነው አንድ ደቂቃ። መሬት ላይ ስለ ዕቃ ያወራነው ሦስት ሰዓት። የጀመረው ታምራት ነው። እዚሁ ኦሃዮ ያለችው ደብሊን ይኖራል፣ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፣ ደመወዙን ፓራሹት ይበላዋል። አዲስ ሄልሜት ገዝቷል፤ ከፍታውን ጆሮ ላይ እየጮኸ የሚናገር። ጋሽ ደምሴ፣ እኔ ቤቴ የሚጮህብኝ አላጣሁም አሉት። ከዚያ የማን ፓራሹት ቶሎ ይከፈታል፣ የማን ቦርሳ ትከሻ ይቆርጣል፣ የትኛው ጓንት ያዳልጣል። ከዚያ ዙሩ እኔ ጋ ደረሰ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአውሮፕላኑ ከወጣን በኋላ፣ ፓራሹት ሳንከፍት፣ እየወደቅን አራታችን እጅ ለእጅ መያያዝ አለብን። ጋ/ደምሴ ታክሲ ነጂ ናቸው፣ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብለው ሆድ አውጥተዋል። እንደ ሲሚንቶ ከረጢት ነው የሚወርዱት። እኔ እንደ ፌስታል። እነሱ ታች እጅ ዘርግተው ይጠብቁኛል፣ እኔ ላይ ሆኜ አናት አናታቸውን አያለሁ። ሰላም ጋሃና የሚባል ከተማ፣ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ነርስ ናት። ጴንጤ ናት፣ ምላሷ ግን ገና አልዳነም። በሰው ፊት፣ "ሙሌ፣ አንተ ወደ መንግሥተ ሰማያት ነው እንዴ? እኛ እኮ ወደ ኦሃዮ ነን!" አለችኝ።

ታምራት ጥፋቱ የቱታህ ነው አለ። ሰፊ ነው፣ ነፋስ ይይዛል። የቱታው መመሪያ ገጽ 14 ላይ ሰፊ ይሻላል ይላል ብዬ አፉን አስያዝኩት። መመሪያ የሚባል ነገር የለውም። ከሰው የገዛሁት አሮጌ ነው።

እሁድ ነሐሴ 4፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

በቆሎ ውስጥ አረፍኩ! እኔ፣ ዘጠና ሁለት ጊዜ የዘለልኩ ሰው። ፓራሹቴን ከፍቼ ወደ ሜዳው ፊቴን አዞርኩ፣ ነፋሱ ግን ወደ ኋላ ይዞኝ ሄደ። በቆሎው ከቁመቴ በላይ ነው። አርባ ደቂቃ ጠፋሁ። ጋ/ደምሴ መኪናቸውን መንገዱ ዳር አቁመው ጡሩምባ እየነፉ አወጡኝ፣ እግዜር ይስጣቸው። እየሳቁ ባይሆን ደግሞ የበለጠ ይስጣቸው ነበር።

ታምራት ስልኩን አውጥቶ አሰላ። በዚህ ፓራሹት፣ በ170 ፓውንድ፣ ይሄ ነፋስ አይገፋህም። በእውነት ስንት ነህ? 170፣ ሁሉም ጡንቻ ነው አልኩ። ሰላም ጡንቻዬን በሁለት ጣት ይዛ ፈለገችው። አላገኘችውም።

ላንተ ብቻ ልንገርህ። ጾሙ ነው። ፍልሰታን እየጾምኩ ነው፣ እስከ 9 ሰዓት፣ ውሃ እንኳ ሳልቀምስ። ስለት አለብኝ። እመቤቴ ማንበብ ከገለጥሽልኝ ብዬ ነው የተሳልኩት።

አዎ። እስከ ሰኔ ድረስ አላነብም ነበር። የዝላይ ፈቃድ ፈተናውን ዓይኔን አሞኛል ብዬ በቃል ነው ያለፍኩት። የዝላይ መዝገቤን ሰላም ናት የምትሞላልኝ፣ መነጽሬን ረሳሁ እያልኳት። መነጽር የለኝም። ክሊንተንቪል ሰፈር እትዬ ዘነበች ማታ ማታ አስተማሩኝ። በክፍሉ አንደኛ ነህ ብለውኛል። ሦስት ነበርን። ቢሆንም እስቲ ይሄን እጅ ጽሑፍ እየው! የዳኛ አይመስልም?

ማክሰኞ ነሐሴ 6፣ ከሥራ መልስ

ማንበብ መቻል ጥሩ ነው ያለው ማነው? አምጡልኝ።

አራታችን የስልክ ግሩፕ አለን። ድሮ መልእክት ሲመጣ ምን እንደሚል ስለማላውቅ አውራ ጣት እልክ ነበር። ማንም ምንም ይበል፣ እኔ አውራ ጣት። ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ፣ መቼም ምሳ የለኝ፣ የምሠራበት መጋዘን፣ ዌርሃውሱ ደጃፍ ቁጭ ብዬ ወደ ኋላ እያነበብኩ ሄድኩ። ለካ ግንቦት ላይ ለሁሉም ውሃና በረዶ አመጣለሁ ብዬ ተስማምቻለሁ። ለዚህ ነው ያን ቀን ሁሉም ከንፈሩ ደርቆ ያፈጠጠብኝ። እኔ ቱታዬን ወደውት መስሎኝ ነበር።

ይሄ ይሁን። ከዚያ ሰኔ 8 ላይ ደረስኩ። ታምራት ጽፏል። ክቡ እስከ ነሐሴ 10 ካልተሳካ በሙሌ ፋንታ እዚያው ሜዳ የሚዘለውን ብራያንን እናስገባ፣ ሙሌ ቅር ይልሃል? ከሥሩ አውራ ጣት። የማን? የእኔ! ከሁሉም ቀድሜ! ሰላም፣ ራሱ ከተስማማ እኔ ምን እላለሁ ብላለች። ሁለተኛው አውራ ጣት የጋ/ደምሴ።

በገዛ ጣቴ ራሴን አባረርኩ። ነሐሴ 10 የፊታችን ቅዳሜ ነው።

ጋ/ደምሴን ኮል አደረግኳቸው። ጋሼ፣ በብራያን እንድቀየር እርስዎም ተስማሙ? አልኳቸው። ማርያምን፣ እንዲህ የሚል ነገር ተስማምቼ አላውቅም፣ አንተን አስወጥቼ ከማን ጋር ልስቅ ነው አሉ። አውራ ጣታቸው እዚህ ዓይኔ ሥር ተገትሮ! በጾም፣ በእመቤታችን ስም መማል! ስልኩን ዘጋሁባቸው። ትልቅ ሰው ላይ ስልክ ዘግቼ አላውቅም። አበሳጭተውኝ ነው።

ሐሙስ ነሐሴ 8

የዌርሃውሱ ሚዛን ላይ ወጣሁ፣ ካርቶን የምንመዝንበት። ከነቦት ጫማዬ 147። መጀመሪያም 170 አልነበርኩም፣ 158 ነበርኩ። ቀጭን እንዳይሉኝ ነው የጨመርኩት።

መድኃኒቱን አውቀዋለሁ። ታምራት ዘንድ የክብደት ቀበቶ አለ፣ ቀላል ሰው ወገቡ ላይ አስሮ ከሌላው እኩል የሚወርድበት። ግን ስንት እንደሚጭንበት ለማወቅ ትክክለኛው ክብደቴ ያስፈልገዋል። ምን አከሳህ ይላል። ጾም ካልኩ፣ አንተ ደግሞ ከመቼ ጀምሮ? ይላል። ልክ ነው። ዓርብ ዓርብ ፊቱ በርገር እየበላሁ፣ ያንተ ሽሮ ፓራሹት ይከፍታል ወይ እያልኩ ስቀልድበት የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለት ነው ካልኩ፣ የምን ስለት? ይላሉ። ሐበሻ የምን ስለት ነው ሳይል አይተውህም።

አንዷን ክር ከሳብኩ ሁሉም ይተረተራል። ካልሳብኩ ብራያን ቦታዬን ይወስዳል። ብራያን እኮ ጥሩ ልጅ ነው፣ ያናደደኝም ይኸው ነው።

ደግሞ ዛሬ ደረጃ ስወጣ ዓይኔ ጭልም አለ። አየር ላይ ቢሆንስ?

ዓርብ ነሐሴ 9፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ጻፍኩ። ግሩፑ ላይ። በሕይወቴ የመጀመሪያው መልእክት። አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ይኸው፣ ለታሪክ እዚህም ገለበጥኩት።

"ክብደቴ 147 ነው። 170 ውሸት ነው። እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ፣ ውሃም አልጠጣም። ማንበብ ከቻልኩ ብዬ ተስዬ ነው። እስከ ሰኔ አልችልም ነበር። የሰኔ 8ን አውራ ጣት ሳላነብ ነው የላክሁት። አንሱልኝ። ሙሉጌታ"

ላክሁት። ስልኩን ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተትኩት። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ።

ሳወጣው ሰላም ሦስት ጊዜ ደውላለች። አነሳሁ። ጮኸች። ውሃ ሳትጠጣ ሁለት ቀን ዘለልክ? ወድቀህ ብትሞት በማን ልትቀልድ ነበር? ከዚያ፣ መዝገብህን ስሞላልህ እኮ ደስ ይለኝ ነበር፣ አሁን በማን የተረሳ መነጽር ልስቅ ነው አለች።

ታምራት ጻፈ። 12 ፓውንድ ትታጠቃለህ፣ ያ ድንኳን ቱታህ ይቀራል፣ የእኔን ትለብሳለህ። ደግሞ አንተ ሰው፣ ቅዳሜና እሁድ እኮ እስከ 9 አይጾምም! ይሄንንም አላወቅህም? አላወቅሁም። ስለቴንም በጉራ ነው የተሳልኩት። ቢሆንም 9 ብያለሁ፣ 9 ነው። እሺ፣ ከ10 ሰዓት በኋላ እንዘላለን ብሎ ጻፈ። ሁሉም ሊጠብቀኝ ነው።

ጋ/ደምሴስ? አውራ ጣት። ሆዴን ዘርግፌ፣ አውራ ጣት! ተናደድኩ።

ቅዳሜ ነሐሴ 10፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል

ተያያዝን! ደብተሬ፣ ተያያዝን!

በ9 ሰዓት ሰላም ቆማ ሁለት ጠርሙስ ውሃ አስጠጣችኝ፣ ሩዝ በአትክልት አበላችኝ። ቀበቶውን ታጠቅሁ። ወጣን። እንደ ሰው ወደቅሁ። በግራ ሰላም፣ በቀኝ ጋ/ደምሴ፣ ፊት ለፊት ታምራት። እስከ ስድስት ቆጠርኩ። እኔ ለሰው ሳወራ አሥራ ሁለት ነው።

ጠረጴዛው ጋ ስንመለስ እስክሪብቶውን ከሰላም እጅ ወስጄ መዝገቤን ራሴ ሞላሁ። አጨበጨቡ። ታምራት ያለፈ መልእክት ማንሳት አይቻልም፣ በአውራ ጣትህ ሥር ግን ተሽሯል ብዬ ጽፌበታለሁ አለ።

ከዚያ ሁለቱ ፓራሹት ሊያጥፉ ሄዱ። ጋ/ደምሴ የራሳቸውን መዝገብ ቀስ አድርገው ወደ እኔ ገፉት። መነጽሬን ረስቼ ነው፣ እስቲ አንተ ጻፍልኝ አሉ።

መነጽራቸው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ነው።

ይህቺን ዓረፍተ ነገር አውቃታለሁ። የእኔ ናት። ቀና ብዬ አየኋቸው። እሳቸው አውሮፕላኑን ያያሉ። ታክሲያቸው ውስጥ ስልኩ ነው ግራ፣ ቀኝ የሚላቸው። ግሩፑ ላይ ወይ ድምፅ ነው ወይ አውራ ጣት። ማርያምን ብለው የማሉት እውነታቸውን ነው። የእኔን የትናንቱንም መልእክት አላነበቡትም።

እኔ ደግሞ ስልክ ዘጋሁባቸው።

ያሉኝን ጻፍኩ። ንስር ይመስል ነበር በል አሉኝ፣ ንስር አልኩ።

እትዬ ዘነበች ሰኞ ማታ አዲስ ዙር ይጀምራሉ፣ እኔም ገና ብዙ ይቀረኛል። መኪናዬ ተበላሽታለች እላቸዋለሁ። ጋሼ ክሊንተንቪል ያድርሱኝ፣ እስክጨርስ ውስጥ ገብተው ይቀመጡ፣ ውጭ ይሞቃል። ቴክስት አላደርግም። ኮል ነው የማደርጋቸው። መጀመሪያ ይቅርታ፣ ከዚያ መኪናዋ።

እየጠራ ነው። አነሱ!