የሁለት ወር ክሎሪን በአንድ ጠዋት

ለተከበሩ አቶ መልከ ጼዴቅ
የደብር ግርጌ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ሊቀመንበር
ሐይቅ

እንደምን ሰነበቱ? ከግሸን ንግሥ በሰላም በመመለስዎ የተሰማኝን ደስታ እየገለጽሁ፣ ሥራ እንደሚበዛብዎ ስለማውቅ የሆነውን በቅደም ተከተል አስታውስዎታለሁ።

መስከረም ፲፱ የማኅበሩ የውኃ ታንከር ወርኃዊ ክሎሪኑን የሚያገኝበት ቀን ነበር፤ ኮሚቴው ለንግሡ በመሄዱ ሳይጨመር ቀረ። ጥቅምት ፫ የመስከረሙና የጥቅምቱ ተደርቦ በአንድ ጠዋት ተጨመረ። ጥቅምት ፬ የትምህርት ቤታችንን የዓሣ መስታወት ገንዳ ውኃ በከፊል ቀየርሁ። በዚያው ዕለት ከቀትር በኋላ፣ ተማሪዎቼ ከአርዲቦ ሐይቅ አምጥተው ከጫጩትነት ያሳደጓቸው የቆሮሶ ዓሦች ከአንዷ በቀር ሞተው ተንሳፈፉ።

፩. ክሎሪን እንደ ዕድር መዋጮ ውዝፉ ተደርቦ የሚከፈል መሆኑን ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ይህን የነገረኝ መምህር አልነበረም።

፪. በስብሰባ ላይ «ውኃውን ሳያሳድር ጨምሮ ይሆናል» ብለው ስለ እኔ ጥንቃቄ በመጨነቅዎ እግዜር ይስጥልኝ። ውኃውን ክዳን በሌለው በርሜል አሳድሬዋለሁ። የክሎሪን ማርከሻውንም ጠብታ የለካሁት፣ እርስዎ ፈርመው ቦኖው ላይ በለጠፉት የአንድ ወር የክሎሪን መጠን ነው። ጥፋቴ ፊርማዎን ማመኔ ነው።

፫. «ሐይቁ አጠገቡ ነው፤ ሌላ ያጥምድ» በማለት ያሳዩኝን ቸርነት አልዘነጋም። ይሁን እንጂ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች በየሳምንቱ እየለኩ እድገታቸውን የተከታተሏቸውን ዓሦች ሐይቁ አይመልስም፤ የዓመት ጥናታቸውም እዚያው ቀርቷል። ከሁሉም የሚከፋው፣ ከዚያው ቦኖ የተቀዳውን ውኃ በዚያው ቀን ሕፃናት መጠጣታቸው ነው። ዓሦቹ ባይሞቱ ኖሮ ማናችንም አናውቅም ነበር።

ስለዚህ ክሎሪን ከመጨመሩ በፊት ለሰፈሩ እንዲነገር፣ ከተጨመረም በኋላ ቦኖው ሳይከፈት ውኃው እንዲለካ እጠይቃለሁ። ይህን አንቀጽ በትሕትና አልጻፍሁትም።

ለማኅበሩ ረጅም ዕድሜ፣ ለሊቀመንበርነትዎ ደግሞ እጅግ አጭር ዘመን እየተመኘሁ፣ ከማይጓደል አክብሮት ጋር፣

አሻግሬ እንየው
የባዮሎጂ መምህር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጎረቤትዎ ወይዘሮ ዙለይሃ እንደነገሩኝ፣ ከጥቅምት ፫ ረፋድ ጀምሮ ለእርስዎ ቤት የሚጠጣ ውኃ ከምንጭ በአህያ ሲመላለስ ሰንብቷል። ለቤተሰብዎ የነገሩትን ለእኛ አልነገሩንም።