የተበላሸ ነገር አልተገለጸም

ለክብርት ወይዘሮ ጃኒስ ትሪምብል
የሴጅ ሆሎው ነዋሪዎች ማኅበር የቤት ገጽታ ኮሚቴ ሰብሳቢ
አሪዞና

ክብርት ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ግቢዎ ጠጠር በየማለዳው የተስተካከለ ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ።

እኔ በቤት ቁጥር 41 የምኖረው ቨርሊን ስቶፕካ ስሆን፣ ባለቤቴ ማክሲን በስትሮክ ምክንያት ግራ ጎኗ አልታዘዝ ስላላት፣ በራችን ላይ ካሉት ሦስት ደረጃዎች ጎን ለባለሞተር ተሽከርካሪ ወንበሯ ተዳፋት የእንጨት መወጣጫ ልሠራላት ፈቃድ ከጠየቅሁ እነሆ ስድስት ወር ሞላኝ። እሷም ጎረቤት ተሸክሞ ለሐኪም ቀጠሮ ካላወጣት በቀር ከቤት አልወጣችም። ኮሚቴው በዚህ ጊዜ ስለዋለልን ውለታ ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ. ቅጹ ሥራው «ማስዋብ»፣ «ማስፋፋት» ወይስ «ጥገና» እንደሆነ እንድለይ ሲጠይቀኝ፣ እኔ ሞኙ ማክሲንን አስቤ «ጥገና» ላይ ምልክት በማድረጌ፣ «የተበላሸ ነገር አልተገለጸም» የሚል መልስ ጽፋችሁልኛል። ደብዳቤውን ለእሷ አላነበብኩላትም።

2ኛ. «ማስዋብ» ብዬ ባስተካክል፣ ከተፈቀዱት አሥራ አራት ቡናማ ቀለሞች አንዱን እንድመርጥ ታዘዝሁ፤ ሰባተኛውን ብመርጥ ለአጥር ብቻ ነው ተባልሁ። ሰባ አንድ ዓመት ሙሉ ቡናማ አንድ ብቻ እየመሰለኝ መኖሬን እናንተ ባትነግሩኝ ማን ይነግረኝ ነበር?

3ኛ. ባለፈው ማክሰኞ ሜትራቸውን ይዘው የመጡት የኮሚቴው አባል አቶ ሬንዴል ቮስ፣ ከበራፍ ቆመው ለባለቤቴ «ችግሩ ምን መሰለሽ ማክሲን፣ ከመንገድ ይታያል» ሲሉ በትሕትና አስረዷት። እሷም በሚጎተት አንደበቷ «እኔም እኮ መንገዱን ነው ማየት ያማረኝ፣ ሬንዴል» አለቻቸው። አቶ ቮስ ይህን አልመዘገቡም፤ የመዘገቡት የደረጃውን ቁመት ነው። እኔ ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስሁ፤ ከዚያ በኋላ ተናደድሁ፣ እስካሁንም አልበረደልኝም።

ጉዳዩ ለኅዳሩ ስብሰባ መተላለፉን ስላሳወቃችሁኝ፣ ለደረጃ ፍቅራችሁና ለማይናወጥ ትዕግሥታችሁ (በሰው እግር ለምትታገሡት ማለቴ ነው) ያለኝን አክብሮት እየገለጽሁ፣ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የማይታዘዝ ነዋሪያችሁ፣
ቨርሊን ስቶፕካ

ድኅረ ጽሑፍ፦ መወጣጫው ቅዳሜ ዕለት ተሠርቷል፤ ቀለምም አልተቀባም። ልታፈርሱት ከመጣችሁ በማንኛውም ከሰዓት በኋላ ታገኙናላችሁ። ጠዋት ጠዋት ግን በከንቱ እንዳትደክሙ፤ ባለቤቴ ቤት የለችም።