ቢጫዋ ወይስ ሐምራዊዋ

ኅዳር 2፣ ጠዋት

ደብተሬ ሆይ፣ ከባድ ዜና አለ። ተቀምጠሽ ስሚ። በቤታችን ላይ መዓት ወርዷል። አባቴ ኑሩ፣ የመተማ ዮሐንስ ልብስ ነጋዴ፣ ጨዋ ሰው፣ በእናቴ ላይ ሁለተኛ አመጣባት። ከዱባይ ነው ያመጣት። ቀጭን ናት። ሐምራዊ ናት። ግንባሯ ላይ የአባዬ ስም ተጽፎባታል። ጀለቢያው ኪስ ውስጥ ከመጀመሪያዋ ከቢጫዋ ጋር ጎን ለጎን አስተኝቷቸዋል፤ አይጣሉም።

ካርድ ናት። የአየር መንገድ ካርድ።

ለእማዬ ግን ካርድ መሆኗን የነገርኳት መጨረሻ ላይ ነው። መጥረጊያውን ስታነሳ ለአባዬ ነበር፤ ቃሌን ስጨርስ ለእኔ ሆነ። ግራ ክንዴን ያመኛል። የምጽፈው በቀኝ ነው፣ አልሐምዱሊላህ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አየር መንገዶች ደንበኛ እንዳይሸሻቸው በበረርሽ ቁጥር ነጥብ ይሰጡሻል። ነጥቡ ሲሞላ ነጻ ትኬት። አባዬ ዕቃ ሊያመጣ በዓመት ሁለት ሦስቴ ይሄዳል፣ የረከሰውን እያየ፣ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ። አሁን ሁለቱም ካርዶች ጫፍ ላይ ናቸው። በሚቀጥለው ጉዞ በቢጫዋ ከሄደ ለአንድ ሰው ጅዳ ደርሶ መልስ በነጻ ይሞላል። በሐምራዊዋ ከሄደ ግን «የብር አባል» ይሆናል፤ ዓመቱን ሙሉ በየጉዞው አንድ ተጨማሪ ሻንጣ፣ ሃያ ሦስት ኪሎ፣ በነጻ።

ጅዳ አክስቴ ፋጡማ አለች። የእማዬ ታናሽ። እማዬ ካየቻት ዘጠኝ ዓመት።

ይህን ሁሉ ከስልኩ ላይ አንብቤ የተረጎምኩት እኔ ነኝ። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ያቋረጠች፣ ይሉኛል። አላቋረጥኩም። ት/ቤቱና እኔ ተስማምተን ነው የተለያየነው።

ኅዳር 4፣ ከሰዓት

ሙቀቱ! ቆርቆሮው ይንጫጫል። ሰሊጥ የጫነ መኪና በመኪና ላይ። አቧራው ሻዬ ውስጥ ገብቷል፤ ስኳር መስሎኝ አማሰልኩት።

አባዬን ያዝኩት። በቢጫዋ ሂድ፣ እማዬን ላካት፣ ጨርስ አልኩት። ሳቀብኝ። ከሱቁ ጀርባ ያለውን መጋዘን በአገጩ አሳየኝ። የሰሊጡ ጆንያ ጣሪያ ነክቷል። የኅዳርን ሰሊጥ በኅዳር የሚሸጥ ሞኝ ነው አለ። እስከ ግንቦት ይያዛል፣ ዋጋ ሲወጣ ይወጣል። ነጥቡም እንደዚያው። ሁለቱንም ይይዛል፣ የቷ እንደምትጨምር ያያል።

አባዬ፣ ነጥብ ሰሊጥ አይደለም አልኩ።

ሰው የሚፈልገው ነገር ሁሉ ሰሊጥ ነው አለኝ። እዚህ አገር እኮ ሰው እንዲህ ነው። ፀሐይ ራሷ በጆንያ ብትገባ እስከ ግንቦት ባስቀመጧት።

እማዬ ይህን ሁሉ ትሰማለች። ድስት ታጥባለች።

ኅዳር 5፣ ጠ.

ዛሬ እኔም አየር መንገድ አቋቋምኩ።

በረንዳችን ላይ አግዳሚ ወንበር አለ። ቁጭ ብለው ውኃ ጠጥተው፣ ወሬ አውርተው፣ ካልሲ እንኳ ሳይገዙ የሚሄዱ ሰዎች አሉ። ዋናው ጋሽ ዋለልኝ ናቸው። የጎጃም ሰው፣ የቀን ሠራተኞች ካቦ። በየዓመቱ ለአጨዳ ሰው ይዘው ይወርዳሉ፤ ወደ ኮኪት እርሻዎች የሚጭናቸው መኪና እስኪመጣ እኛ በረንዳ ላይ ነው የሚከርሙት። የጫማ ካርቶን ቆረጥኩ። ካርድ ሠራሁላቸው። በተቀመጡ ቁጥር አንድ ነጥብ። አሥር ሲሞላ የብር አባል፤ ውኃው ቀዝቃዛ ይሆናል። ሃያ ሲሞላ የወርቅ አባል፤ መደገፊያ ያለው ወንበር።

መደገፊያ ያለው ወንበር የአባዬ ነው። ያለው አንድ ብቻ ነው። ይህን አልነገርኳቸውም።

ካርዱን አገላበጡ። ስማቸውን ሲያዩ ጎምለል አሉ። «ኧረ እንዴት ያለሽ ቀበጥ ነሽ» አሉኝ፤ ከዚያ ካርዱን በጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሩት።

ኅዳር 8፣ ጠ.

ጋሽ ዋ. በሦስት ቀን ወርቅ ሆኑ። ይነሳሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ይነሳሉ፣ ይቀመጣሉ። ጉልበታቸው አሳዘነኝ። ይኸው አሁን የአባዬ ወንበር ላይ ናቸው፤ አባዬ ከመስጊድ ሲመለስ በር ላይ ቀጥ።

«ጋሽ ዋለልኝ፣ ምን ሆነው ነው?»

«ምን እሆናለሁ ኑሩ። የወርቅ አባል ነኝ።»

ካርዱን አሳዩት። አባዬ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ካልሲ እየቆጠርኩ ነበር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ።

አባዬ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። አዝኜለት አንድ ነጥብ ሰጠሁት።

ከሰ.

ወይ ጉድ። ቀልዴ ነከሰኝ።

አባዬ ወንበሩን እንዲያገኝ ብዬ ለጋሽ ዋ. አዲስ ደንብ አወጣሁ፤ ነጥብዎ ነገ ከሰዓት ይሞታል አልኳቸው። ደነገጡ።

«ነጥብ ይሞታል እንዴ ልጄ?»

«የማይሞት ምን አለ ጋሼ።»

«ያ የአባትሽም ይሞታል?»

ሳቅኩ። ከዚያ ሳቄ ቆመ። የአባዬን ስልክ ወሰድኩ። ከታች፣ ጉንዳን በሚያህል ፊደል፣ ማንም በማያነበው ቦታ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የሐምራዊዋ ነጥብ እየበረርሽ እስካለሽ አይሞትም። የቢጫዋ ግን ዕድሜ አለው። የአባዬ ደግሞ አሮጌ ነው። ታኅሣሥ ሳያልቅ ትኬት ካልተቆረጠበት ግማሹ ድራሹ ይጠፋል።

ግንቦት የሚባል ነገር የለም።

ኅዳር 9፣ ጠ.

ነገርኩት። አላመነም። ጎንደር ላለችው ትኬት ቆራጭ ደወለላት፣ ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጎ። አዎ አለች ልጅቷ። አባዬ ደግማ እንድትነግረው ጠየቀ። ደገመች። ታዲያ መጋዘን ውስጥ ያለ ነገር እንዴት ይጠፋል አላት። ያስተማራት ት/ቤት ይህን አላስተማራትም።

ኸላስ፣ አበቃ፣ መምረጥ ግድ ሆነ። ጉዞውን ወደዚህ ወር ማምጣት፣ በቢጫዋ መሄድ፣ ነጥቡን ሳይሞት ሞልቶ እማዬን መላክ። ወይም ቢጫዋን ቀብሮ በሐምራዊዋ የብር አባል መሆን።

አባዬ ክፉ አይደለም ደብተሬ፣ እንዳትቀየሚው። ድንበሩ ከተጨናነቀ ወዲህ ከሱዳን በገላባት በኩል የሚመጣው ዕቃ ደርቋል። ሱቁ የሚኖረው ከዱባይ በሚመጣ ሻንጣ ነው። በየጉዞው አንድ ሻንጣ ሲጨመር የልጆች ጫማ ማለት ነው፣ ሙሽራ የምትጠቀለልበት ቶብ ማለት ነው። አንዱ ዛሬን ነው፣ አንዱ ዓመቱን ሙሉ። ይህን ሲለኝ ልክ ነህ አልኩት። እኔ! ልክ ነህ! ቀኑን መዝግቢው።

እማዬን ጠየቃት። ሻንጣው ይሻላል አለች። እኔ ጅዳ ምን አደርጋለሁ፣ ሙቀት እንደሆነ እዚህም አለ። ሄደች። ያጠበችውን ድስት ደግማ አጠበች።

ኅዳር 11

አባዬ አኩርፏል፣ በማን እንደሆነ ግን አያውቅም። ሁለቱን ካርዶች ጠረጴዛው ላይ ያወጣል፣ ያያል፣ ይመልሳል። ምርጫውን ላቅልልለት ብዬ ዓይኑን ጨፍኖ አንዷን እንዲያነሳ አደረግኩ። ሁለቱንም ደብቄ ከጋሽ ዋ. የተዋስኩትን የካርቶን ካርድ አስቀምጬ ነበር። አነሳ። ዓይኑን ገለጠ። አየ።

ጫማ ወረወረብኝ። ቁጥር አርባ ሁለት። አልደረሰብኝም።

ኅዳር 12፣ ከሰ.

በጥድፊያ ነው የምጽፈው፣ ፊደሌን ታገሺኝ።

እቅዴ ቀላል ነበር። ሃያ ሦስት ኪሎ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ለአባዬ ላሳየው። ሰሊጡን የሚመዝንበት ሚዛን አለ። ከእማዬ ቁም ሣጥን በላይ ደግሞ ሁሌም የተዘጋ አሮጌ ሻንጣ አለ፤ ብርድ ልብስ ያለበት ይመስለኝ ነበር። ጎተትኩት። ከበደኝ። ጋሽ ዋ.ን ጠራሁ፣ የወርቅ አባልነታቸውን አስታውሼ። ተሸክመን ሚዛኑ ላይ ጣልነው። ዚፑ ፈነዳ።

ቀሚስ። የሕፃን ቀሚስ። ሌላ ቀሚስ። ሌላ። ከሥሩ የደረቀ ባሚያ በላስቲክ፣ በርበሬ፣ ሰሊጥ በጠርሙስ።

አባዬ መጣ። አንዱን ቀሚስ አነሳ፣ ኮሌታውን ገለበጠ፣ ዋጋ የሚጽፍበትን የራሱን እጅ ጽሑፍ አየ። የእኛ ሱቅ ዕቃ ነው። በየዓመቱ ለዒድ አንድ ቀሚስ ይጠፋል፤ በየዓመቱ እኔ ነኝ የምሰደበው። ለጓደኞችሽ አደልሽው እየተባልኩ ስንት ዓመት! እጄን አጣምሬ አየሁት።

ከዚያ ምን አደረገ መሰለሽ። ልብስ ነጋዴ አይደል። ቀሚሶቹን ባንኮኒው ላይ ደረደራቸው፣ በቁጥር፣ ከትንሹ እስከ ትልቁ። የስድስት ወር። የሁለት ዓመት። የሦስት። እስከ ስምንት። የአክስቴ ልጅ ሰልማ ስምንት ዓመቷ ነው። ጅዳ ተወልዳ፣ አይተናት አናውቅም። ባንኮኒው ላይ ግን ቆማ እያደገች ነበር።

እማዬ ከጓሮ ገባች። እጇ እርጥብ ነው። አየችን። ቀሚሶቹን አየች።

አባዬ ቀስ ብሎ ለምን በሰው አልላክሽም አላት።

«በእጄ ላለብሳት ብዬ» አለች። ይቺን ብቻ።

መኪና አለፈ። አቧራው ገባ። እማዬ ሮጣ ቀሚሶቹን በነጠላዋ ሸፈነች።

ጋሽ ዋለልኝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ኑሩ» አሉ፣ «ሻንጣ ሻንጣ ስትል ከረምክ። ይኸውልህ ሻንጣ።»

ሚዛኑን ማንም አላነበበውም።

ኅዳር 13፣ ጠ.

ገና ሻይ ሳይጠጣ ጎንደር ደወለ። ልጅቷ የትኛው አየር መንገድ ጋሼ ሳትለው አትቀርም። ድምፅ ማጉያው ላይ አልነበረም፤ በሩ ጀርባ ነበርኩ።

ቢጫዋ አለ። ለራሱ ለሚቀጥለው ሳምንት። ስመለስ ደግሞ አለ፣ አንዲት ሴት አለች፣ ለእሷ ጅዳ ነው።

አንዲት ሴት! ባለቤቴ ማለት አፍሮ! ለእማዬ ሮጬ አባዬ አንዲት ሴት ጅዳ ሊልክ ነው አልኳት። መጥረጊያውን አነሳች። ነጭ ነጯን ነገርኳት። መጥረጊያውን አልጣለችውም፤ ይዛው ቁጭ አለች፣ ሳቀች፣ አለቀሰች፣ በመጥረጊያው ቸብ አደረገችኝ፣ ለጥንቃቄ።

ጋሽ ዋ. ዛሬ ወደ ኮኪት ተጫኑ። መኪናው ላይ ቆመው በእጃቸው ካርዱን አውለበለቡልኝ። ነጥብዎ አይሞትም ብዬ ጮህኩ። ሰምተውኛል መሰለኝ።

ታኅሣሥ 5

አባዬ ተመለሰ። አንድ ሻንጣ ብቻ፣ እንደ ድሮው። ሐምራዊዋን ስለከዳሃት ይቅርታ ጠይቃት አልኩት። ዱባይ ላይ በሐምራዊዋ ትኬት መቁረጫ ፊት ሲያልፍ አንገቱን ደፍቶ እንዳለፈ ነገረኝ። እውነቱን ነው ወይስ ቀልዱን? አላወቅኩም። ይህ ሰው እያደገ ነው።

ነጥቡ ገብቷል። ሞልቷል!

ታኅሣሥ 9፣ ጠ.

ተቆረጠ። ጎንደር ድረስ ሄደን፣ ሦስታችንም። ልጅቷ የቤተሰብ ስም ስትል ሦስታችንም የየአባታችንን ስም ተናገርን፣ በአንድ ጊዜ። ሳቀች፣ ፓስፖርቱን ገለበጠች።

ሰባቱ ቀሚሶች ጠበዋታል፤ ልክ አይሆኗትም። ለሰልማ ሌላ አዲስ፣ የስምንት ዓመት፣ አባዬ ራሱ መረጠ። እማዬ ግን ሁሉንም ትወስዳለች። ታሳያታለች። ምን እንደምትላት አላውቅም።

ሌላ የምነግርሽ የለም። በመሠረቱ ደብተሬ፣ ይህን ያህል ወረቀት የሚያስጨርስ ነገርም አልነበረም። ሁለት ካርድ፣ አንድ ወንበር፣ ደርሶ መልስ። አየር መንገዶቹ ስለ እኛ አልሰሙም፣ አይሰሙምም። ሰማይ ላይ በየቀኑ ስንት ሰው ይሄዳል። በጣም ትንሽ ነገር ናት።

የእማዬ መቀመጫ መስኮት በኩል ነው ግን።