ወሬ በየዙሩ

የካቲት 3
መጋረጃ ስሰፋ ዋልኩ። የሆቴሉ ትዕዛዝ ዛሬም አላለቀም። ማታ ወንድም ጋሼ ደወለ። ለአሥር ኪሎ ሜትሩ ሩጫ ሁለታችንንም አስመዝግቧል። ማን ጠየቀው? "አይዞሽ፣ እየጠበቅኩሽ ነው የምሮጠው። ቀስ በቀስ እንቁላልም በእግሩ ይሄዳል" አለኝ። እንቁላሏ እኔ መሆኔ ነው... ከልጅነቴ ጀምሮ እንደጠበቀኝ ነው። ትምህርት ቤት አርፍዶ ሲገባ "እሷን ስጠብቅ" ነበር ሰበቡ። በዚህ ሩጫ ማንም አይጠብቀኝም። በቃ።

የካቲት 5
የሱቃችን ገንዘብ ተቀባይ ድሮ ለትምህርት ቤቷ ትሮጥ ነበር። ፍጥነት የሚመጣው በዙር ልምምድ ነው አለች። ከቤቴ እስከ ሰፈራችን ፋርማሲ በሙሉ ኃይል መሮጥ፣ እየተራመዱ መመለስ፣ ሰውነት ሳይቀዘቅዝ እንደገና። ስድስት ጊዜ። "ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ እኮ ነው" ብላት "አዎ፣ እንደሱ ነው" አለች። ሳታፍር።

የካቲት 8
አንደኛው ዙር... ነፍሴ ልትወጣ ምንም አልቀራት። እየተራመድኩ ስመለስ የሰማያዊው በር ጎረቤታችን እትዬ ብቅ አሉ። "ምነው ልጄ፣ ማን ሞተ?"
ልምምድ ነው አልኳቸው። ከዚያ ሰላምታ ተጀመረ። ጤና፣ እማዬ፣ የእማዬ ጉልበት፣ የሳቸው ጉልበት። ሰው ስለ ጉልበቱ እየነገረኝ ጥዬ ልሂድ? ይሉኝታ አሰረኝ። ላቤ ደረቀ። ስድስቱ ዙር አንድ ሆኖ ቀረ።

የካቲት 11
መንገድ ቀየርኩ። ብልጠት መስሎኝ። እግሬ አውጪኝ እያልኩ ስበር የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ፊት ለፊት ድቅን። የመጋረጃው ቀጠሮ ካለፈ ሰነባብቷል። "ከኔ ነው የምትሸሺው?" አለ። አይ፣ ልምምድ ነው... "ሲያዩኝ መንገድ የሚቀይሩ ሰፊዎች አውቃለሁ፤ የምትሮጥ ግን ዛሬ ገና ማየቴ ነው።" ለዓርብ ቃል ገባሁ።

የካቲት 12
ገንዘብ ተቀባይዋ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ "ሩጫሽ ምንም አይልም፤ ያቃተሽ እረፍቱ ነው" አለች። ምን ላድርግ? ሰው ሰላም ሲለኝ ልዝጋው?

የካቲት 15
ወደ እትዬ መንገድ ተመለስኩ። ቢያንስ እሳቸው መጋረጃ አላዘዙም። ፈራ ተባ እያልኩ ነገርኳቸው፦ መቆም አልችልም፣ ግን ተመልሼ እመጣለሁ። ተቀየሙ ስል ወንበር አወጡ። "እንግዲያው በየዙሩ አወራሻለሁ።"
አንደኛው ዙር ጤና። ሁለተኛው ልጆች። ሦስተኛው ላይ የእህታቸው ልጅ የገዛው አልጋ ተጀመረ።

የካቲት 22
አልጋው በበሩ አልገባ አለ።

የካቲት 24
አልጋው በሩ ላይ ተሰንቅሮ ቀረ። የልጁ አማት ክፍሉ ውስጥ እንደታሰሩ! "ከዚያስ?" ስል "ሂጂ፣ ሰውነትሽ ሳይቀዘቅዝ" አሉኝ። እንዲህ ሮጬ አላውቅም። ፋርማሲው ጋ መቼ እንደደረስኩ እንጃ። ስመለስ "በመስኮት ሊያወጧቸው ሞከሩ" አሉኝ። መስኮቱ ጠባብ፣ ሴትዮዋ ደግሞ... "ሂጂ።" ስድስቱ ዙር ስምንት ሆነ።

መጋቢት 10
ዘግይቼ ተነሳሁ። እትዬ ወንበራቸው ላይ ተኮሳትረዋል። "ዛሬ እግርሽ ከብዷል። እንዲህ ከሆነ ወሬ የለም።" ወሬ ተከለከልኩ። በዚህ ዕድሜዬ።

መጋቢት 27
ነገ ነው። ወንድም ጋሼ ደወለ። ልምምድ አልሠራም፣ አያስፈልገውም። ሲደክመኝ እጄን እንዳወጣለት ነገረኝ። እሺ አልኩ። ግን ብሸነፍስ? ዕድሜ ልኩን ሲተርከው ሊኖር ነው።

መጋቢት 28
እግሬ ተላልጧል። ደረጃውን የወጣሁት በቂጤ እየተቀመጥኩ ነው።
መነሻው ላይ ወንድም ጋሼ ተፈተለከ። ሁለቴ ዞሮ አየኝ፣ እየሳቀ። ከዚያ በኋላ አልዞረም። ዳገቱ ላይ ጎኑን ይዞ፣ አጎንብሶ አገኘሁት። "ቆይ... ጠብቂኝ" አለ። ወንድሜ ነው፤ አሳዘነኝ። እግሬም ለመቆም ዳድቶት ነበር። "አይዞህ፣ መጨረሻው ላይ እንገናኝ" ብዬው አለፍኩ። ደስታው እንባዬን አመጣው። ትንሽም አፈርኩ... ደስታው ግን ይበልጣል።
ሙዜን በልቼ ስጨርስ ደረሰ። በታክሲ ስንመለስ እማዬ ደወለችለት። እንዴት ሆናችሁ ስትል ይሰማኛል። "አሪፍ ነበር እማዬ" አላት፣ መስኮት መስኮቱን እያየ። "አብረን ገባን።"
እስከ ዛሬ ሰው እያወራ አቋርጬ አላውቅም።
ስልኩን ከእጁ ወሰድኩት።
"እማዬ፣ አልጠበቅኩትም።"