አራት ዓመት ያልታየ ፊት

ረቡዕ፣ መካነ ኢየሱስ

እንቢ አሉ። መኪናው በደብረ ታቦር ዞሮ ጋይንት ያደርሰናል ብላቸው፣ «በተማሪነቴ የሄድኩት በስማዳ ነው፤ አሁንም በስማዳ ነው» አሉ አባዬ። የሐኪሙ ቃል ከጆሮዬ አልወጣም። የዓይን ግፊቱ ከዳር ከዳር አጨልሞባቸዋል፤ መሀሉ ብቻ ቀርቷል፤ እሱም እስከ መቼ እንደሚቆይ አይታወቅም። አባዬ ሰምተው ሲያበቁ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ ቤተ ልሔም አድርሺኝ።

ጋይንት ያለው፣ ድጓ የተማሩበት ደብር ነውና ለድጓው መስሎኝ ነበር። ለካ ለአንዲት ሴት ነው! እናቴ ብትኖር ምን ትል ነበር ብዬ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። አራት ዓመት ድጓ ሲማሩ፣ ቁራሽ ሲለምኑ፣ ሌላው ደጅ ውሻ ሲያባርራቸው፣ ያቺ ሴት አንድም ቀን ባዶ እጃቸውን አልመለሰቻቸውም። «እጇን አውቀዋለሁ። ፊቷን ግን አፍሬ ቀና ብዬ አላየሁም» አሉኝ። ጥሩ ትባላለች። ትኑር አትኑር አያውቁም።

የያዝኩት፦ የዓይን ጠብታ፣ በሶ፣ ጃንጥላ። ቅቤ የገባበት ቆሎም አዘጋጅቼ ነበር፤ ረቡዕ መሆኑን ያስታወሱኝ እሳቸው ናቸው። የመሪጌታ ልጅ ተብዬ!

ሐሙስ፣ ስማዳ ቆላ

በቅሎ ተከራይተን ወረድን። ገደሉ እንደ ደረጃ እየተቆረጠ ወርዶ ወርዶ፣ ከታች ወንዙ ክር አክሏል። ጭላዳዎች አፋፉ ላይ ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ፤ እኛን ከቁም ነገርም አልቆጠሩን። እንዲህ ያለ አገር አጠገቤ እያለ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ እላለሁ።

አባዬ አንገታቸውን ቀስ አድርገው ከግራ ወደ ቀኝ ያዞራሉ። አገሩን በቁራሽ በቁራሽ ነው የሚያዩት። ልርዳ ብዬ «ማዶ ገብስ አለ» ስላቸው፣ «ስንዴ ነው፤ አንቺ ነሽ ሐኪም ቤት መሄድ ያለብሽ» አሉኝ።

ጠባቡ ላይ ከበቅሎ ወርደው ሲሄዱ ግን በቀኝ ያለውን ገደል አላዩትም። ጮኼ በጋቢያቸው ያዝኳቸው። ከዚያ በኋላ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ቀጸላ ነው፤ የተማሩትን ዓይን ጨፍኖ በቃል መደጋገም። «መብራት አልነበረንም፤ ያልቀጸሉት ይጠፋል» ይላሉ።

ዓርብ፣ አርብ ገበያ

የገበያ ቀን መሆኑን ሳላስብ ገበያው መሀል ይዣቸው ገባሁ። ጭነት የያዘ አህያ ከጎን መጥቶ ጣላቸው። ጥምጥማቸው ወለቀ። አናታቸው ላይ ያለውን የጣት ያህል ጠባሳ በልጅነቴ እየዳሰስኩ እጫወትበት ነበር፤ ከየት እንደመጣ ግን ጠይቄ አላውቅም። ዛሬ ጠየቅሁ። «የቤተ ልሔም ውሻ። ስሸሽ ካጥር ላይ ወድቄ» አሉ አቧራቸውን እያራገፉ።

ጌሾ የምትሸጥ የቤተ ልሔም ሴት አገኘሁ። «እማሆይ ጥሩን ነው? አሉ እንጂ! መንኩሰዋል። ግን አርጅተዋል እቴ፤ ሰውም አይለዩ» አለችኝ። ለአባዬ «አሉ» የሚለውን ብቻ ነገርኳቸው። ደስ አላቸው።

ቅዳሜ፣ ቤተ ልሔም

መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያኑን ተሳለሙ። የተማሪዎቹን ጎጆ አልፈን አጥሩ ጋ ስንደርስ ዱላቸውን ደገፍ አድርገው በዚያ በማኅሌት ድምፃቸው «በእንተ ስማ ለማርያም!» አሉ። እኔ አፈርኩ። የስድሳ ስምንት ዓመት መሪጌታ!

እማሆይ ጥሩ ፀሐይ ከሚሞቁበት ተነሡ፤ ጎበጥ ያሉ፣ ደቃቃ ሴት። ምንም ሳይጠይቁ ገብተው ግማሽ ዳቦ ይዘው ወጡ። ይኼኔ አባዬ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? አቀርቅረው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ! ስንት ገደል ወርደን፣ ስንት አቀበት ወጥተን!

«አባዬ፣ ቀና ይበሉ እንጂ!»

አልቻሉም። ማንነታቸውን እኔ አስረዳሁ። እማሆይ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስንቱ ተማሪ አለፈ ልጄ። ሁሉም እንዲሁ አቀርቅሮ ነው፤ ፊቱን በየት አይቼ ልወቀው?»

አባዬ ጥምጥማቸውን ፈቱና ለምርቃት ጎንበስ አሉ። እማሆይ እጃቸውን አባዬ አናት ላይ ጫኑ፤ መመረቅ ጀመሩ፤ አቆሙ። ጣታቸው ጠባሳው ላይ ነበር።

«ዳነልህ?» አሉ። «የቀባሁህ ማር ሠራ?»

አባዬ ያን ጊዜ ቀና አሉ። ስልኬ እጄ ላይ ነበር፤ ፎቶ ማንሳት አልሆነልኝም። አለቀስኩ።

ሰኞ፣ መኪና ውስጥ

በደብረ ታቦር መንገድ እየተመለስን ነው። በመስኮቱ በኩል አገሩ ሁሉ ቢጫ ነው። አባዬ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ደነገጥኩ። «ዓይንዎን አመመዎት? አገሩን አያዩም?»

«ቆዪ፣ ቀጸላ ላይ ነኝ።»

«የቱን ድጓ?»

«ፊታቸውን» አሉ።

የጠብታው ሰዓት ደርሶ ነበር። ትንሽ ጠበቅሁ።