ልጅቷ ያየችው ካቴና

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ረፋዱ ላይ ከፖሊስ ባልደረባዬ ከሙሉጌታ ጋር ኤረር በር ገበያውን ስንዞር «የልጅ ሌባ! ያዙት!» የሚል ጩኸት ሰማን። ሮጠን ስንደርስ ሕዝቡ አንድ ገበሬ ከግንቡ ጋር አጣብቆ ይዟል። ግንባሩ በድንጋይ ተፈንክቷል። ያቀፋት ትንሽ ልጅ «እማዬ ጋ ውሰዱኝ!» እያለች ታለቅሳለች።

«ወላሂ ልጄ ናት! ጥርሷን አሟት ሐኪም ቤት ላደርሳት ነው» ይላል። የሚሰማው የለም። ከኋላ ድንጋይ የሚያነሱ አየሁ። ሁለት ሆነን ያን ሁሉ ሰው መመለስ አንችልም። ሙሉጌታ ልጅቷን ከእጁ ተቀበለ። እኔ ካቴናዬን አውጥቼ የሰውየውን እጅ አሰርኩና «በሕግ ተይዟል! መንገድ ልቀቁ!» ብዬ ጮህኩ። ሕዝቡ አጨበጨበልኝ፤ መንገዱም ተከፈተ።

ጣቢያ እንደገባን ካቴናውን ፈታሁለት፤ ቁስሉንም አሸግንለት። ሚስቱ ከመንደራቸው ከድሬ ጠያራ ተጠርታ መጣች። እውነትም የልጅቷ አባት ነው። ልጅቷ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ተሸሸገች። ብስኩት ብሰጣት ፊቷን አዞረችብኝ።

«ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ። እንዳይገድሉህ ብዬ ነው» አልኩት።

«ገብቶኛል እህቴ፤ አላህ ይስጥልኝ» አለ። ከዚያ ወደ ልጁ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሷ ግን ያየችው ስታስሪኝ ነው። ምን ብዬ ላስረዳት?»