የአባቴን ድምፅ ፎርማት ላደረጉት የኮምፒውተር ሐኪም

ለተከበሩ ኢንጂነር መሳፍንት ደምሴ
የ«ዘላቂ መፍትሔ» ኮምፒውተር ክሊኒክ ባለቤትና ዋና ሐኪም
ሸዋ ሮቢት

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይም ያ አንድን ዕቃ ከሁለት ደቂቃ በላይ መርምሮ የማያውቀው ቀኝ እጅዎ ደኅና ነውን? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን፤ ሙቀቱም እንደሚያውቁት ነው። ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው አድርጌ መጻፌ ለክብርዎ ብዬ እንደሆነ ይወቁልኝ፤ እንደ እርስዎ ያለ ባለሙያ በታሸገ ፖስታ መመስገን አይገባውምና።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች፣ ሩቅያ ያሕያ እባላለሁ፤ በዚችው ከተማ የአማርኛ መምህርት ነኝ። አባቴ፣ አላህ ይርሐማቸውና፣ ከከተማው በታች ማሽላ ሲያርሱ የኖሩ፣ ከወላጆቻቸው የወረሷቸውን የአርጎብኛ ቃላት እስከ መጨረሻው ያልጣሉ ሰው ነበሩ። በቤታችን ከእርሳቸው በኋላ ያን ቋንቋ የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። ስለዚህ አራት ዓመት ሙሉ ማይክሮፎን ፊት እያስቀመጥኩ ሲናገሩ ቀዳኋቸው፦ የማሽላውን ዓይነት በየስሙ፣ ከጣርማ በር የሚወርደውን ነፋስ በየወራቱ፣ ግመል የሚጠራበትንም የሚገሠጽበትንም ቃል። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቅጂ ነበር። ባለፈው የረጀብ ወር አባቴ ሲያርፉ እኔንና እናቴን ያጽናናን፣ ድምፃቸው እዚያ የኮምፒውተር ሳጥን ውስጥ መኖሩ ነው። አሁን ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ። ኮምፒውተሩን የዛሬ አምስት ዓመት ቤታችን ድረስ መጥተው የገጠሙልን እርስዎ ነዎት። እናቴ እትዬ ዘሃራ እንዴት እንደሚያዝ ስትጠይቅዎ፣ የዚህ ዕቃ ጠላቱ አቧራ ነውና ምንጊዜም ሸፍናችሁ ያዙት ብለው አስጠነቀቁ። እናቴ ደግሞ ሸፍኚ ከተባለች አትሰንፍም፤ በቤታችን ቴሌቪዥኑም፣ ሬዲዮውም፣ የሶፋው ክንድም ዳንቴል የለበሰ ነው። ለኮምፒውተሩ መጀመሪያ ስስ ሻሽ ጣል አድርጋበት ነበር። አባቴ ካረፉ በኋላ ግን «ድምፁ ያለበት ነው» ብላ፣ እያለቀሰች፣ በሁለት ወር ጥቅጥቅ ያለ ዳንቴል ሠርታ አለበሰችው፤ ዘርፉ ከኋላ እስከ ወለሉ ይወርዳል። ስንሠራበትም አናወልቀውም ነበር፤ «ምንጊዜም» ብለዋላ። ማሽኑ ሙቀቱን የሚያስወጣው በጀርባው ባለው ቀዳዳ መሆኑን እርስዎ አልነገሩንም፣ እኛም አልጠየቅንም።

ሁለተኛ፣ ስለ ምርመራዎ አመሰግናለሁ። ሚያዝያ ላይ ኮምፒውተሩ ጠዋት ጠዋት በደኅና እየሠራ፣ ቀትር ላይ ግን በተከፈተ በሃያ ደቂቃው በራሱ ጊዜ ድርግም ይል ጀመር። ተሸክሜው ክሊኒክዎ መጥቼ ይህንኑ አንድ በአንድ ነገርኩዎ። አርሶ አደር በሬው ቀትር ላይ ብቻ ሲያለከልክበት ጥላ ይፈልግለታል፤ እርስዎ ግን ሳጥኑን ሳይከፍቱ፣ አንዲት ብሎን እንኳ ሳይነኩ፣ ቤታችሁ ውስጥ የት ነው የሚቀመጠው ብለው ሳይጠይቁ «ቫይረስ ነው» ብለው ወሰኑ። ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም፤ በዚያ ፍጥነት የሚፈርድ ዳኛ ቢኖረን ኖሮ በዚህ ወረዳ አንድም መዝገብ ሳይዘጋ ባላደረ ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ ሕክምናዎ። በማግሥቱ ስመጣ ማሽኑ ተጠርጎ፣ ተወልውሎ፣ ፎርማት ተደርጎ ጠበቀኝ። ከፈትኩት፤ ባዶ ነው። አባቴ የሉም። ፋይሎቼስ ብዬ ስጠይቅዎ፣ አላስፈላጊ ነገር ስለበዛበት ነው የተጨነቀው ብለው አስረዱኝ፤ ቀጥለውም «ኮፒ አላስቀመጥሽም እንዴ?» ብለው ገሠጹኝ። እውነትዎን ነው፤ ኮፒ አላስቀመጥኩም። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፣ እርስዎ ከሚናገሩት ብዬ ራሴ ጻፍኩት። ሆኖም ራሱን አመመኝ ብሎ የመጣን ሰው አንገቱን ቆርጦ «ሌላ አንገት አላስቀመጥክም እንዴ?» የሚል ሐኪም ከእርስዎ በቀር አላጋጠመኝም። ያን ዕለት ለእናቴ መንገር አቅቶኝ ሦስት ቀን ዋሸኋት። በአራተኛው ቀን ነገርኳት፤ ዳንቴሉን አስተካክላ መልሳ አለበሰችው።

አራተኛ፣ ስለ ዋስትናዎ። ዘላቂ መፍትሔ አግኝቷል ብለው የሸኙት ኮምፒውተር ቤት በገባ በማግሥቱ፣ ልክ ቀትር ላይ፣ በሃያ ደቂቃው ድርግም አለ። አባቴን በከንቱ ነው ያጠፏቸው ማለት ነው። በሽታው የተገኘው ለአረፋ በዓል ቤት ስናጸዳ ነው፤ እናቴ ዳንቴሉን ልታጥበው ገፍፋ ወሰደችው፣ እኔም የፈተና ውጤት ልሞላ ማሽኑን ራቁቱን ከፈትኩት። ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት አንድም ጊዜ ሳይጠፋ ሠራ። ዳንቴሉ ደርቆ ማሽኑ ሲለብሰው ጠፋ፤ ሲገፈፍ ሠራ። ሦስት ጊዜ ሞከርነው። እናቴ ያን ዳንቴል እጥፍጥፍ አድርጋ የልብስ ሳጥን ውስጥ ከተተችው፤ ከዚያ ወዲህ የዳንቴል መርፌ አልያዘችም። ኢንጂነር፣ በዚህ ይቅር አልልዎትም። ፋይሉን ለጊዜው እንተወው፤ የእናቴን እጅ ግን አልተውልዎትም።

አምስተኛ፣ የጥገና መምህርት ስላደረጉኝ አመሰግናለሁ። ይህን ግፍ በፍርድ ቤት ደጃፍ በመመላለስ ላደክምዎ አልፈለግሁም። ክረምቱን ሙሉ ተቀምጬ የኮምፒውተር ጥገና ተማርኩ፤ አሁንም እርስዎ ለዓመታት በጓዳ ይዘውት የኖሩትን ጥበብ ለሸዋ ሮቢት ሕዝብ በነጻ አድላለሁ። ወገኖቼ ሆይ፣ ማሽናችሁ ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ ልብሱን ግፈፉለት፣ ከግድግዳው ራቅ አድርጉት፣ ነቅላችሁም ማራገቢያው ላይ የተጋገረውን አቧራ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉለት። ጨርሶ እንቢ ካለም ከሁሉ በፊት ገመዱንና ማከፋፈያውን እዩ። የወይዘሮ ደብሪቱ ኮምፒውተር በተከፈተ ቁጥር ቀኑን ዓመታት ወደ ኋላ ሲመልስባቸው፣ አርጅቷልና ሌላ ይግዙ ብለዋቸው ነበር፤ ውስጡ ያለችውን እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ባትሪ ቀየርንለትና ቀኑን አወቀ። የመምህር ፍቅሩ ደግሞ ጢጥ ጢጥ እያለ ስክሪኑ ሲጨልም ዋናው ሰሌዳ ተቃጥሏል ብለው ቀብረውት ነበር፤ ከኤሌክትሪክ ነቅለን፣ ራም የሚባለውን ቁራጭ አውጥተን ቢጫ ጥርሱን በተማሪ ላጲስ አሸት አሸት አድርገን መለስነው፤ ይኸው እስከ ዛሬ ፈተና ያወጣበታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ የምትወዱትን ነገር ሁለት ቦታ ሳትገለብጡ ማሽናችሁን ለማንም ሐኪም አትስጡ፤ ፎርማት የሚል ቃል ከአፉ ከወጣም ዕቃችሁን አንሥታችሁ ውጡ። ይህን ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቴ በረንዳ ላይ አሳያለሁ። ባለፈው ቅዳሜ አሥራ ዘጠኝ ሰው መጥቶ ነበር፤ አሥራ አራቱ የእርስዎ ደንበኞች ናቸው። ክሊኒክዎ ከሰሞኑ ጸጥ ማለቱን ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ ዕረፍት ይገባዎታል።

በመጨረሻም፣ ጤናና ረጅም ዕድሜ ሰጥቶዎት፣ በዚያ ባዶ ክሊኒክ ውስጥ ደንበኛ እየጠበቁ የእኔን ስም በየቀኑ እንዲያስታውሱ ከልብ እየተመኘሁ፣ ዳንቴል በሌለው ኮምፒውተሬ አጠገብ ሆኜ በታላቅ አክብሮት እሰናበትዎታለሁ።

ታዛዥዎና የማትረሳዎ
ሩቅያ ያሕያ

ግልባጭ፦
በጀውሃ ሾፌሮች ለሚመገቡባቸው ቤቶች ሁሉ
ለአጣዬ መናኸሪያ ማስታወቂያ ሰሌዳ
ለክሊኒክዎ ጎረቤት ሻይ ቤት፣ ከበሩ አጠገብ ላለው ግድግዳ

ማስታወሻ፦ ረስቼው። ከሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ ቅጂ አንዱ ተርፏል። ኮምፒውተሩን የገጠሙልን ዕለት ማይክሮፎኑ መሥራቱን ለማየት የቀዳነው ነው፤ ያን ጊዜ ለሥራ ባልደረባዬ ለጸደንያ በስልኳ ልኬላት ነበር፣ ሳታጠፋው ኖራለች። አባቴ ምን ልበል ብለው ሲጠይቁ ይሰማል። ከዚያ ዱዓ ያደርጋሉ፤ እንዲህ ሲሉ፦ «ያ ረቢ፣ ይሄን ልጅ፣ መሳፍንትን፣ እጁን ባርክለት። ሰው አምኖ የሰጠውን የሚያኖር እጅ ስጠው።» ቀጥሎ የእርስዎ ድምፅ ይሰማል፤ «አሜን» ይላሉ፣ ጥርት አድርገው። ልረግምዎት ስንት ጊዜ እጄን አንሥቼ አባቴ እየቀደሙኝ አውርጃለሁ። ቅጂውን በፍላሽ አድርጌ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ፤ ሲያዳምጡት ማሽንዎ ቢጨነቅ ፎርማት ሊያደርጉት ይችላሉ። የእርስዎ አሜን እኔ ዘንድ በሦስት ቦታ ተቀምጧል።